ሦስቱ ጴጥሮሶች፤ በመከራ ጊዜ ስለ መጽናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሐምሌ 22 ቀን በደረሰ ቍጥር ቤተ ክርስቲያናችን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ በጥይት ተደብድበው የሞቱትን የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስን መታሰቢያ ታደርጋለች። በዛሬው ትምህርታችን ስለ ጽናት ልንናገር ስንነሣ አስቀድሞ በአሳባችን የመጣው የእኒሁ አባት ስም ነው። ስማቸውንም ስናስብ በዚሁ ስም የተጠሩ ሌሎች ሁለት አባቶች አብረው ታሰቡን፤ አንደኛው የሐዋርያት አለቃ ቅዱስ ጴጥሮስ ነው፤ ሁለተኛውም በመንበረ ማርቆስ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ የተቀመጠው፥ ተፍጻሜተ ሰማዕት የተባለው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ ነው። አንዱ ወድቆ የተነሣ፥ አንዱ የወደቁትን ያነሣ፥ አንዱ ደግሞ በቆመበት ሳይነቃነቅ የሞተ ነው። ስለ ጽናት መማር የሚሻ ሰው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን ቢተው ትምህርቱ ይጎድልበታል ብለን እናምናለን። ምክንያቱንም ቀስ እያልን እናስረዳለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በግእዝ ቋንቋችን ሰማዕት ማለት ምስክር ማለት ነው፤ የሚወጣውም ሰምዐ ከሚለው ግሥ ነው። ሰምዐ ማለት ሰማ ማለት መሆኑን የቅኔ ቤት ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። እንግዲህ ሰማዕት የተባለ ሰው አስቀድሞ የሰማ፥ ኋላም የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የመሰከረ ነው። ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል? ብዙዎቻችን ስለ ሰማዕታት ስናስብ ፈጥኖ የሚታየን ሰይፉና እሳቱ፥ የአራዊቱ አፍና የንጉሡ ቍጣ ነው። ነገር ግን ሰይፉ ከመምጣቱ በፊት ረጅም የመስማት ዘመን አለ። ስለ ሰይፉ ገድላቱ በሰፊው ስለሚናገሩ እኛ ዛሬ ይልቁንም ስለ መስማቱ ዘመን ልንናገር እንወዳለን።

ይህን ነገር የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ያለ ብዙ ማብራሪያ ያስተውለዋል። እኛም በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን እንዳየነው፥ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ጉባኤ ተማሪ ትምህርቱን የሚይዘው በጆሮው ነው። አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በየደጁ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመናትን ቍራሽ በልቶ፥ ማታ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል፤ የሰማውንም በጨለማ ለራሱ እየደጋገመ ያድራል። ቃሉን ያለ ስሕተት ለመለሰ ተማሪ እንኳ መምህራችን አንዳንድ ጊዜ «ገና አልሰማህም» ይሉት ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ አይገባንም ነበር፤ ቃሉን አንድ ሳያስቀር መልሶታልና። መምህራችን ሰማ የሚሉት ግን ቃሉ በአፉ ያለውን ተማሪ ሳይሆን ቃሉ የሠራውን ተማሪ ነበር።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጴጥሮስ እንመለስ። የሐዋርያት አለቃ ከመምህሩ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ውሎ አድሯል፤ ብዙ ሰምቷል። በመጨረሻዋም ሌሊት ሌሎቹ ሁሉ ቢሰናከሉ እርሱ እንደማይሰናከል፥ እስከ እስር ቤትና እስከ ሞት እንደሚከተል ለጌታው ማረጋገጫ ሰጥቶ ነበር። ቃሉም ባዶ ፉከራ አልነበረም። በጌቴሴማኒ የአትክልት ስፍራ ጭፍራው ሰይፍና ጎመድ ይዞ በመጣ ጊዜ ሰይፍ መዝዞ የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ ቈርጧል። ይህ የፈሪ ሰው ሥራ አይደለም። ሆኖም ጥቂት ሰዓት እንኳ ሳይቈይ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በፍም ዳር ተቀምጦ እሳት ሲሞቅ፥ አንዲት ገረድ መጥታ ከእርሱ ጋር አልነበርክምን ብትለው ካደ። በጭፍራ ፊት ለመጽናት የተዘጋጀው ጴጥሮስ በገረድ ፊት ለመጽናት አልተዘጋጀም ነበር። ያስፈራው ሰይፍ አይደለም፤ ሌሊቱ ብርድ ነበር፥ እሳቱ ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ነበሩ፥ ከእነርሱ መካከል ተለይቶ መታየት ነበር።

ይህን ልብ እንበል። እኛ ብዙ ጊዜ ስለ ጽናት ስናስብ አንድ ቀን በአላውያን ነገሥታት ፊት ብንቆም እንዴት እንደምንመልስ እናስባለን፤ የምንወድቀው ግን እሳት በምንሞቅበት ቦታ ነው። ከባልንጀሮቻችን ጋር ቡና ስንጠጣ፥ በመሥሪያ ቤት ሰዎች ሲሳለቁ፥ በሰርግ ቤት በጾም ቀን ሥጋ ሲቀርብ ነው። ማንም አላስገደደንም፤ የተለየን መስለን ላለመታየት ብለን ብቻ እናደርገዋለን። ወንጌላዊው ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን እንደ ተመለከተው፥ እርሱም ወጥቶ መራራ ልቅሶ እንዳለቀሰ ጽፎልናል። በኋላም በሮም ከተማ በኔሮን ዘመን በመስቀል ሞተ፤ እንደ ጌታዬ ቀጥ ብዬ ልሰቀል አይገባኝም ብሎ ቍልቍል መሰቀሉንም ትውፊት ይነግረናል። በገረዲቱ ፊት የወደቀው ሰው በቄሣሩ ፊት ቆመ።

ሁለተኛው ጴጥሮስ በብዙዎቻችን ዘንድ በስሙ እንጂ በሥራው እምብዛም የማይታወቅ በመሆኑ በእርሱ ላይ ዘለግ ማለት ይገባናል። በሮም መንግሥት ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ284 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ሰማዕታት ተብሎ የሚቈጠረው ዘመን መነሻውን ያገኘው ከዚህ ንጉሥ ነው፤ በግብጽ ምድር ብቻ የፈሰሰው የክርስቲያን ደም ዘመን እስኪቈጠርበት ድረስ የበዛ ነበርና። በ303 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱና ቅዱሳት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዋጅ ወጣ፤ ከዚያም ቀጥሎ ለጣዖት ያልሠዋ ሁሉ እንዲቀጣ ታዘዘ። በዚያን ጊዜ በእስክንድርያ መንበር የነበረው ይህ ጴጥሮስ ነው።

ስደቱ ከተነሣ አራተኛው ትንሣኤ በደረሰ ጊዜ፥ ይኸውም በ306 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሳቱ አንድ ትልቅ ጭንቀት ገጠመው። በመከራው ጊዜ ብዙዎች ጸንተው ሞተዋል፤ ብዙዎች ግን ወድቀዋል። የወደቁት ደግሞ አሁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ያለቅሳሉ። ምን ይደረጉ? አንዳንዶች በሩ ይዘጋባቸው አሉ፤ ሌሎች ያለ ምንም ቀኖና ይግቡ አሉ። ጴጥሮስ ከሁለቱም አልተስማማም። አንዱን ከአንዱ እየለየ፥ እያንዳንዱ ምን ያህል እንደ ተሸከመና የት ላይ እንደ ደከመ እየመረመረ ቀኖና ጻፈ።

ተገርፈው፥ በመንጠቆ ተቦጭቀው፥ ሥጋቸው ከሚችለው በላይ ሲሆንባቸው የወደቁትን፥ ሦስቱን ዓመት በልቅሶ መቈየታቸውን ቈጥሮላቸው አርባ ቀን ብቻ በጾምና በጸሎት ጨምረው እንዲቀበሏቸው አዘዘ። ሳይገረፉ በወኅኒ ቤት ጨለማና ርኃብ ብቻ ተሸንፈው ለወደቁት አንድ ዓመት ጨመረ። ምንም ሳይነካቸው ገና በወሬው ፈርተው ለሮጡት ግን ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ሰጠ፤ ፍሬ ያላፈራችውን በለስ ባለቤቱ ሊቈርጣት ሲል አትክልተኛው አንድ ዓመት ታገሣት ብሎ እንደ ለመነላት ጌታ የተናገረውን ምሳሌ አነሣ። ከሁሉ የሚያስደንቀን የሚከተለው ነው። አንዳንድ ባለጠጎች ራሳቸው ላለመሠዋት ክርስቲያን ባሮቻቸውን በስማቸው እንዲሠዉ ልከው ነበር። ጴጥሮስ ለባሮቹ የአንድ ዓመት ቀኖና ሲሰጥ ለጌቶቻቸው ሦስት ዓመት ሰጠ። ባሪያው የሌላውን ትእዛዝ ፈርቶ ወደቀ፤ ጌታው ግን የራሱን ኃጢአት በሌላ ሰው እጅ አሠራ። ዛሬም ሐሰተኛ ደብዳቤ እንዲጻፍ የሚፈልግ አለቃ ራሱ ሳይፈርም ከበታቹ ያለውን ምስኪን የሚያስፈርም ከሆነ፥ የሁለቱ ቀኖና እኩል እንዳልሆነ ከ1700 ዓመት በፊት ተጽፎ እንደ ኖረ ይወቅ።

ሊቀ ጳጳሳቱ በዚህ አላበቃም። ለመመስገን ሲሉ፥ ማንም ሳይጠራቸው ወደ ዳኞች ዘለው የሄዱትንም ገሠጻቸው፤ ጌታችን ወደ ፈተና እንዳንገባ እንድንጸልይ አስተምሮናልና፥ ከከተማ ወደ ከተማ መሸሽንም ፈቅዶልናልና። ንብረታቸውን ጥለው የሸሹትን፥ እንዳይነኳቸውም ገንዘብ ከፍለው ያመለጡትን አልነቀፈም፤ ከነፍሳቸው ይልቅ ገንዘባቸውን ንቀዋልና። እርሱ ራሱም በስደት የኖረበት ዘመን ነበረ። ነገር ግን በተያዘ ጊዜ አንገቱን ሰጠ፤ በ311 ዓ.ም. በሰይፍ ተመትቶ ሞተ። ቤተ ክርስቲያናችንም ኅዳር 29 ቀን ታስበዋለች። የሸሸ ሁሉ ፈሪ፥ የቆመ ሁሉ ጽኑ እንዳይደለ በእርሱ ሕይወት እናያለን። እልኸኛነትና ጽናት መልካቸው ይመሳሰላል፤ እልኸኛ የሚጨነቀው ስለ ራሱ ክብር ነው፥ ጽኑ የሚጨነቀው ግን ስለሚመሰክርለት ነው።

ይህን የቆየ ታሪክ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት እኅት በደጀ ሰላም ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችን። በንስሐ የነገረችን ምሥጢር ቢሆን በዚህ ቦታ ባልተናገርነው ነበር፤ በሰው ፊት የጠየቀችን ከመሆኑም በላይ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እንድንናገረው ፈቅዳለች። «አባታችን፥ ከአጥር ውጭ ሆኖ መሳለም ይፈቀዳል ወይ?» አለችን። ለምን ከውጭ እንደምትሳለም ብንጠይቃት ነገሩን አወጣችው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳ በሰው ቤት ስታገለግል ኖራለች። የቤቱ እመቤት ማተቧን አስወለቀቻት፤ ብትከለክል ምግብ ተከለከለች፥ ደመወዟም ተያዘ። በመጨረሻም በሰዎች ፊት የእነርሱን የሃይማኖት ቃል እንድትናገር አስገደዷት፤ እርስዋም ተናገረች። ወደ አገርዋ ከተመለሰች አንድ ዓመት አልፏታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ የቅዳሴውን ድምፅ ሰምታ ትሄዳለች። በበሩ እንዳትገባ የከለከላት አንድም ሰው የለም። ራስዋን የከለከለችው እርስዋ ነበረች።

በዚያች ሰዓት ያሰብነው የእስክንድርያውን ጴጥሮስ ነው። ይህችን ሴት ቢያገኛት ከየትኛው ወገን ይቈጥራት ነበር? ማተብን በልብስ ውስጥ መሸሸግና ክርስቶስን መካድ አንድ እንዳይደለ፥ ተርቦ መውደቅና ለሹመት ብሎ መውደቅም አንድ እንዳይደለ ነገርናት። ይሁን እንጂ ምንም አልሆነም ብለን አላሰናበትናትም፤ እንዲህ ብንላት አንድ ዓመት ያለቀሰችውን ልቅሶ ከንቱ ባደረግንባት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ሥርዓት አላት። ጥምቀት አንዲት ናትና አትደገምም፤ ነገር ግን ሃይማኖቱን ለቅቆ የተመለሰ ሰው በመጽሐፈ ቄደር ጸሎት ተጸልዮለት፥ ቀኖናውን ፈጽሞ ወደ አንድነት ይገባል። «ልጄ፥ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ፤ ከሌለሽም ያዢ» አልናት። ይህን የምትሰሙ ወይም የምታነቡ፥ በባሕር ማዶ ሆናችሁ ይህን የመሰለ ሸክም የተሸከማችሁ ልጆቻችን፥ ወይም እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፥ ነገሩን በልባችሁ አትቅበሩት። የእናንተን ቀኖና የሚያውቅ ካህን አለ። በሩም አልተዘጋም።

ከዚህ በኋላ ስለ ሦስተኛው ጴጥሮስ እንናገር። አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ፥ በፍቼ አገር ተወልደው፥ በአብነት ትምህርት ቤት አድገው፥ ከመነኰሱም በኋላ መምህር ኃይለ ማርያም እየተባሉ ያስተማሩ አባት ናቸው። ከከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ዘመን ጀምሮ 1600 ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያናችን ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ብቻ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። በ1921 ዓ.ም. ግን አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ወደ ግብጽ ወርደው የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከእነርሱም አንዱ አቡነ ጴጥሮስ፥ አንዱም አቡነ ሚካኤል ናቸው። እንዲህ ለረጅም ዘመን የተጠበቀ ሹመት በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ የክብር ዘመን የመጣ መሰለው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ይህ ማዕርግ ምን እንደሚያስከፍል ታየ።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሰሜን ዘመቱ። የማይጨው ጦርነት በመጋቢት ወር ከተፈታ በኋላ ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመልሰው በሰላሌ ያሉትን አርበኞች ሲያጽናኑና ሲመክሩ ሰነበቱ። በሐምሌም ወር በደጃዝማች አበራ ካሣ የሚመራው ጦር አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ በገሠገሠ ጊዜ አብረው መጡ። ዘመቻው አልተሳካም፤ እርሳቸውም ተያዙ። ሐምሌ 22 ቀን ለፍርድ ቀርበው በዚያው ቀን፥ ዛሬ ሐውልታቸው በቆመበት አካባቢ፥ በሕዝብ ፊት በጥይት ተደበደቡ።

ከዘመኑ ሰዎች የተቀበልነው ቃል እንደሚያስረዳው፥ በፍርዱ ላይ የቀረበላቸው ጥያቄ ሃይማኖትህን ካድ የሚል አልነበረም። ካህናቱ ገብተዋል፥ የግብጹም ሊቀ ጳጳሳት አቡነ ቄርሎስ አምነዋል፤ አንተ ብቻህን ለምን ታምፃለህ የሚል ነበር። እንግዲህ የገረዲቱን ጥያቄ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እዚያም እዚህም ጥያቄው አንድ ነው፤ ሌሎቹ በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠዋል፥ አንተ ለምን ትለያለህ? አቡነ ጴጥሮስም ሊቀ ጳጳሳቱ የሌላ አገር ሰው እንደ ሆኑ፥ እርሳቸው ግን ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው ኀላፊነት ያለባቸው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆኑ፥ ስለ ሥራቸውም የሚጠይቃቸው ፈጣሪያቸው እንደ ሆነ መለሱ። ሕዝቡም ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ። ከመሞታቸውም በፊት የተሰበሰበውን ሕዝብ በመስቀላቸው ባረኩ ይባላል።

ይህ የአገር ፍቅር ነው እንጂ የሃይማኖት ጽናት አይደለም የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል። እኛ እንዲህ እንመልሳለን። የተጠየቁት በሕዝባቸው ላይ የመርዝ ጢስ ያዘነበውን፥ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለውን ኀይል መልካም ነው ብለው በመስቀላቸው እንዲያጸኑለት ነበር። ክፉውን መልካም ብሎ መመስከር የሐሰት ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክርነትን ደግሞ ዐሠርቱ ትእዛዛት ይከለክላሉ። አንድ ተራ ሰው ይህን ቢናገር ጕዳቱ በአካባቢው ይቀራል፤ ጳጳስ ሲናገረው ግን መንጋው ሁሉ የሰማውን ያጣል። ሰማዕት ማለት የሰማውን የሚመሰክር ነው ያልነውን አስታውሱ።

ወንድማቸው አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በተመሳሳይ ምክንያት ተገደሉ። በአንድነት ከተሾሙት ከአራቱ አባቶች መካከል ጠላት ያቀረበውን ሹመት የተቀበለም ነበረ። ስም ጠርተን ለመፍረድ አልተነሣንም፤ የዚያን ዘመን ጭንቀት እኛ አልቀመስነውም። ነገር ግን በአንድ ቀን፥ በአንድ እጅ፥ በአንድ ቅባት የተሾሙ ሰዎች በአንድ ፈተና ሁለት መንገድ መሄዳቸውን ሳንናገር ብናልፍ ጽናት ከማዕርግ ጋር የሚሰጥ ዕቃ ይመስላችኋል። እንዲህ አይደለም፤ እኛ ካህናት ይህን ከሌላው አብልጠን ልናስብ ይገባናል።

በዚያው በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ ስለ ሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ስለተነገረ እዚህ ባጭሩ እናልፈዋለን። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ መነኮሳቱ ተባባሪ ናቸው ተብለው ተፈረደባቸው። ጭፍራው ገዳሙን የከበበው ግንቦት 12 ቀን፥ በጻድቁ በአባታችን በተክለ ሃይማኖት በዓል፥ ሕዝቡ ለመሳለም በተሰበሰበበት ጊዜ ነው። ገዳዮቹ ራሳቸው ያመኑት የሟቾች ቍጥር 449 ሲሆን፥ በኋላ የመረመሩ ሰዎች ከሺህ በላይ መሆኑን ጽፈዋል። ለእነዚያ መነኮሳት ጥያቄ እንኳ የቀረበላቸው የለም፤ ጭፍራው የያዛቸው በሥርዓታቸው ላይ እንዳሉ፥ በበዓላቸው ጊዜ፥ በቦታቸው ነው። ሰማዕት ዘእንበለ ደም ሆነው የኖሩት በደምም ሰማዕት ሆኑ።

በ2007 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሊቢያ ምድር በሃይማኖታቸው ምክንያት የተገደሉትን ወንድሞቻችንንም እናስባለን። ለእንጀራ የተሰደዱ ወጣቶች ነበሩ። ስለ ሰማዕትነት በሊቃውንት ጉባኤ ተቀምጠው የተማሩ አልነበሩም፤ ሆኖም የሰሙት ነገር ነበራቸው። ከየት ሰሙት? ከእናታቸው ጕያ፥ ከክርስትና አባታቸው አፍ፥ ከሰፈራቸው ደብር ደወል ነው። እኛ መምህራን ብዙ ቃል እናበዛለን፤ ማታ ማታ ልጅዋን አማትባ የምታስተኛ እናት ግን ከእኛ ይልቅ ጠልቃ ታስተምራለች።

እንግዲህ ሰይፍ በሌለበት ቦታ ለምንኖረው ለእኛ የምስክርነታችን ቦታ ወዴት ነው? ብዙ ነው፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በፍርድ ቤት ቆሞ ያላየውን አየሁ ብሎ የሚምል ክርስቲያን አለ። ለምን ቢሉት «ወገኔ ነው፥ እንዴት እጨክንበታለሁ» ይላል። እርሱ እንዲህ ሲል በዚያ በኩል ያለው ድኻ መሬቱን ይነጠቃል። ከዚህም የከፋው፥ በዘመናችን የአንዱ ጎሣ ሰው በሌላው ጎሣ ሰው ላይ በሚነሣበት ጊዜ፥ ጎረቤቱ በደል እንደሌለበት በዓይኑ ያየ ሰው ወገኖቹን ፈርቶ ዝም ይላል። ያውቃል፤ ልጆቻቸው አብረው ቈርበዋል፥ በማኅበር ጽዋ አብረው ጠጥተዋል። ግን የእሳቱ ዙሪያ ሞልቷል፥ ሌሊቱም ብርድ ነው። ወንድሞቻችን ሆይ፤ ሰማዕት የሚለው ቃል ምስክር ማለት ከሆነ፥ እውነተኛ ምስክርነት በሚፈለግበት ሰዓት ዝም ያለ ሰው የሰማዕታትን በዓል በምን ፊቱ ያከብራል? ጎረቤቱን የሸሸገ፥ «ይህ ሰው አልበደለም» ብሎ በገዛ ዘመዶቹ ፊት የተናገረ፥ ስለዚህም የተጠላና የተሰደበ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ስሙ በጋዜጣ አልወጣም፤ ሐውልትም አይቆምለትም።

ሐውልትን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል። በተነሣበት ጊዜ ብዙ ሰው ተቈጥቶ ነበር፤ እኛም አዝነን ነበር። ሆኖም በዚያን ሰሞን ስለ ሐውልቱ አጥብቆ ከሚከራከር አንድ ወጣት ጋር ስንነጋገር ዕለቱ ረቡዕ ነበረ፥ እርሱም ሥጋ ይበላ ነበር። ልናሳፍረው ብለን አይደለም የምናነሣው፤ ደግ ልጅ ነው፥ ስለ አባቶቹም ይቈረቈራል። ነገር ግን ከእስክንድርያው ጴጥሮስ ቀኖናዎች ጋር ተያይዞ የሚገኘው የመጨረሻው ክፍል ስለ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ስለ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ረቡዕን የምንጾመው አይሁድ በጌታ ላይ ስለ ተማከሩበት፥ ዓርብንም ስለ እኛ መከራ ስለ ተቀበለበት ነው ይላል። ስለ መገረፍና ስለ እስራት፥ ስለ መካድና ስለ መመለስ ከሚናገሩት ቀኖናዎች ጋር ይህ ቃል በአንድ መጽሐፍ ተጠብቆ መኖሩ ለእኛ እንግዳ አይመስለንም። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ማንም ሳያስገድደው ለሆዱ እምቢ ማለትን የለመደ ሰው፥ እምቢ ማለት በሚያስፈልግበት ቀን ቃሉ ለአፉ አዲስ አይሆንበትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈይ ጾም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የገረዲቱም ጥያቄ ትንሽ ነገር ነበር።

ያች ከውጭ ትሳለም የነበረች እኅት ቀኖናዋን የፈጸመችው በጾመ ፍልሰታ ነው። አንድ ቀን በኪዳን ሰዓት ከቤተ መቅደስ ወጥተን ስናልፍ ከሴቶች መቆሚያ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ አየናት። አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ ነበር። እኛም ምንም አላልናትም፤ መስቀል አሳለምናትና አለፍን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።